ፎልደሩ ተቆልፏል፣ ሊንኩ ተልኳል፣ ቪዲዮው ግን አልከፈት አለ፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሻላል?

ኮምቦልቻ የሚያስተምር አንድ የሒሳብ መምህር ወዳጅ አለኝ። የ12ኛ ክፍል ትምህርቶቹን በቪዲዮ ቀርጾ ድረገጹ ላይ ጫነ። ፎልደሩን በፓስወርድ ቆለፈው። ከፍለው ለተመዘገቡት ልጆች ሊንኩንና ፓስወርዱን በቴሌግራም ላከላቸው። ከዚያ ስልኩ መጮህ ጀመረ።

«እኔ ጋ ይሠራል፣ ልጆቹ ጋ አይሠራም፤ ምን ጉድ ነው?» አለኝ።

ከደሴ ሐረጎን ቁልቁል ወርጄ ሄድኩ። አንዷ ተማሪ ስልኳን ሰጠችኝ። ሊንኩን ነካሁት፤ ስምና ፓስወርድ ጠየቀ። አስገባሁ፤ የትምህርቶቹ ዝርዝር መጣ። «ምዕራፍ 3» የሚለውን ነካሁ። አንድ ትንሽ ፋይል ወረደችና ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ተከፈተች። ቪኤልሲ ደግሞ እንደ አዲስ ስምና ፓስወርድ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ እኔንም እንደዚሁ ነው የሚለኝ። ደጋግሜ አስገባሁ፣ አሁንም ይጠይቀኛል» አለች።

የጻፈችውን አየሁት። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ስልኩ በራሱ ትልቅ አድርጎባታል። ለሰርቨሩ፣ ማለትም ድረገጹ ለተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ በትልቁና በትንሹ ፊደል የተጻፈው ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኖባት ነው እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ይኸው ጥያቄ ደሴ ፒያሳ ካለ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ መጣ። የአባቱን የመንዙማ ካሴቶች ወደ ዲጂታል ከቀየረ ሰውም መጣ። ሦስቱም የሚፈልጉት አንድ ይመስላል፦ ድምፅ ወይም ቪዲዮ ድረገጽ ላይ ይቀመጥ፣ የተፈቀደለት ሰው ብቻ ይክፈተው። የሚሻላቸው መንገድ ግን አንድ አይደለም።

ለምን ሁለቴ ይጠይቃል?

የተቆለፈን ፎልደር በር ላይ ዘበኛ እንደቆመበት ግቢ አስቡት። ብራውዘሩ ስምና ፓስወርድ ነግሮ ገባ። ብራውዘሩ እስኪዘጋ ድረስ ያንን ያስታውሳል፤ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይም አብሮ ይልከዋል። ቪኤልሲ ግን ሌላ ሰው ነው። መምህሩ ያዘጋጃት ትንሽ ፋይል ኤም3ዩ የምትባል የማጫወቻ ዝርዝር ናት። በውስጧ ቪዲዮ የለም፤ የቪዲዮው አድራሻ ብቻ አለ። ብራውዘሩ ወረቀቷን አወረደና ለቪኤልሲ ሰጠው። ቪኤልሲ አድራሻውን አንብቦ ራሱ ሄዶ በር አንኳኳ። ዘበኛው አያውቀውም፤ 401 ብሎ መለሰው።

401 ማለት «ማን እንደሆንክ ንገረኝ» ነው። አንዳንዱ ማጫወቻ ይህን ሲሰማ ተጠቃሚውን ይጠይቃል። አንዳንዱ «ፋይሉን መክፈት አልተቻለም» ብሎ ዝም ይላል። መምህሩ ጋ የሠራው ቪዲዮውን የሞከረው በራሱ ኮምፒውተር፣ በራሱ ብራውዘር ውስጥ ስለነበረ ነው።

መመዘኛው

የመጀመሪያው መመዘኛ ማጫወቻው ነው። ሊንኩ ከብራውዘር ውጭ፣ በቪኤልሲም ሆነ በሌላ ማጫወቻ፣ ሳይነታረክ ይከፈታል ወይ?

ሁለተኛው፣ ሊንኩ ከእጅ ሲወጣ የሚሆነው ነው። «ቢወጣ» ሳይሆን «ሲወጣ» ነው ያልኩት። 60 ተማሪ ያለው ሰው ፓስወርዱ በ60 ሰው እጅ ይቆያል ብሎ ማሰብ የለበትም። ዋናው ጥያቄ የአንዱን ሰው ፈቃድ ለይቶ መንሳት ይቻላል ወይ ነው።

ሦስተኛው ኔትወርክ ነው። መብራት ሄዶ ዋይፋዩ ሲጠፋ፣ ሰውየው በዳታ ሲቀጥል፣ ቪዲዮው ካቆመበት ይነሳል? ለዚህ ሰርቨሩ ፋይሉን ከመሃል ቆርጦ መስጠት መቻል አለበት። ማጫወቻው «ከዚህ ባይት ጀምረህ ስጠኝ» ይላል፤ ሰርቨሩ 206 ብሎ ያንን ቁራጭ ብቻ ይልካል። 200 ብሎ ሁሉንም ከመጀመሪያው የሚልክ ከሆነ ወደ ፊት መዝለል የለም። አይፎን ላይ ያለው ሳፋሪ ደግሞ ይህ ካልተሟላ ቪዲዮውን ጭራሽ አያጫውትም።

አራተኛው ወጪ ነው፤ የእናንተም የተመልካቹም። ይህን በቁጥር እንየው። በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት የሚፈስ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋ ባይት ይበላል። 60 ተማሪ አንዱን የአንድ ሰዓት ትምህርት አንድ ጊዜ ቢያየው 27 ጊጋ ባይት ከሰርቨሩ ወጣ ማለት ነው። በወር 20 ትምህርት ካለ 540 ጊጋ። ርካሽ የጋራ ሆስቲንግ (ከሌሎች ጋር በጋራ የሚከራዩት የድረገጽ ማስቀመጫ) የያዘ ሰው እዚህ ላይ መደንገጥ አለበት። ነገር ግን ሰሌዳና ድምፅ ብቻ ለሆነ ትምህርት በሰከንድ 400 ኪሎ ቢት ይበቃል፤ በሰዓት 180 ሜጋ ባይት ነው። ድምፅ ብቻ ከሆነ ደግሞ በ64 ኪሎ ቢት በሰዓት 29 ሜጋ ባይት ገደማ። ስለዚህ መንገድ ከመምረጣችሁ በፊት ፋይሉን አሳንሱ። ተማሪው ከትምህርቱ የሚቀረው ፓስወርድ ስለረሳ ሳይሆን ካርዱ ስላለቀበት ነው።

አምስተኛው ሲበላሽ የሚጠግነው ነው። ሥራውን የሠራላችሁ ልጅ አዲስ አበባ ከገባ ወይም ስልኩን ካላነሳ ራሳችሁ ትችሉታላችሁ?

ፎልደሩን ብቻ መቆለፍ

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሲፓነል የሚባለው ማስተዳደሪያ ገጽ ያለው ሆስቲንግ ውስጥ «ዳይሬክተሪ ፕራይቨሲ» የምትል ቁልፍ አለች። ስም ትሰጣላችሁ፣ ፓስወርድ ትሰጣላችሁ፣ አለቀ። ከበስተጀርባ ኤችቲአክሰስ የሚባል ፋይል ይጻፋል፤ አፓቺ የሚባለው የሰርቨር ሶፍትዌር ያንን እያነበበ ይጠብቃል። ነጻ ነው። ፋይሉን የሚሰጠው ሰርቨሩ ራሱ ስለሆነ ከመሃል መዝለሉም በደንብ ይሠራል።

ድክመቱ ከላይ ያየነው ነው፤ ማጫወቻው ሌላ ሰው ነው። አንዳንድ መተግበሪያዎችም ሊንክን የሚከፍቱት በራሳቸው ውስጣዊ ብራውዘር ነው። ተማሪዋ በክሮም ያስገባችው ፓስወርድ እዚያ አይታወቅም።

መፍትሔው ግን ከሚታሰበው ይቀላል። ሊንኩን በቀጥታ ወደ ቪዲዮው ፋይል አታድርጉት። እዚያው የተቆለፈው ፎልደር ውስጥ አንድ ገጽ ሥሩና ቪዲዮውን ገጹ ላይ አስቀምጡት። ሰው ገጹን ሲከፍት አንዴ ፓስወርድ ያስገባል። ቪዲዮውን የሚጠይቀው ያው ብራውዘር ስለሆነ ያንኑ ፓስወርድ ይዞ ይሄዳል። የኤም3ዩ ወረቀት የለም፤ ቪኤልሲም የለም።

ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው አድራሻው ነው። ሰውየው የገባው ዳብሊው ሦስቴ ባለበት አድራሻ ሆኖ፣ ገጹ ውስጥ የተጻፈው የቪዲዮ አድራሻ ግን የሌለበት ከሆነ፣ ለብራውዘሩ ሁለት የተለያዩ ቤቶች ናቸው። እንደገና ይጠይቃል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ በዚህ አቃጥያለሁ። የገጹን ሊንክ ፎልደሩ ውስጥ ካለው ቦታ ብቻ ጀምሮ መጻፍ፣ ማለትም የድረገጹን ስም ጭራሽ አለመጥራት፣ ይገላግላችኋል።

ሁለተኛው ኤችቲቲፒኤስ ነው፤ በብራውዘሩና በሰርቨሩ መካከል የሚሄደውን የሚመሰጥረው መንገድ። በዚህ ዓይነት ቁልፍ ስሙና ፓስወርዱ የሚላኩት ቤዝ64 በሚባል አጻጻፍ ተቀይረው ነው። ይህ ምስጢር ማድረጊያ አይደለም፤ ማንም ወደ ኋላ ይመልሰዋል። የካፌ ዋይፋይ ላይ ከሆናችሁ ኤችቲቲፒኤስ ከሌለ ፓስወርዳችሁ ፖስታ ሳይገባ የተላከ ደብዳቤ ነው። ሰርተፍኬቱን ሌትስ ኢንክሪፕት በነጻ ይሰጣል፤ ብዙ ሆስቲንግም በራሱ ያድሰዋል። ሰበብ የለም።

ለሁሉም ሰው አንድ ፓስወርድ ከሰጣችሁ አንዱን ለይታችሁ መከልከል አትችሉም። ለየሰው መስጠት ይቻላል፤ ግን ከ20 ሰው በላይ ሲሆን ዝርዝሩን በእጅ መያዝ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ፓስወርዱን ሊንኩ ውስጥ መክተት

ይህን ምክር የሚሰጣችሁ ሰው አይጠፋም። ከድረገጹ ስም በፊት ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ ፓስወርድ፣ ከዚያ የኢሜይል «አት» ምልክት ትጽፋላችሁ። ቪኤልሲ ይህን ይቀበላል፤ ሳይጠይቅ ይከፍታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሲሞከር ደስ ይላል።

ብራውዘሮች ግን ፊታቸውን አዙረውበታል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ድጋፉን ያነሳው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2017 በገጽ ውስጥ እንዲህ የተጻፈን የምስልና የቪዲዮ አድራሻ መጫን አቆመ። ከሁሉ የከፋው፣ ሊንኩን ያየ ሰው ፓስወርዱን አየ ማለት ነው። ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ከገባ በቃ። ፓስወርዱ ራሱ ውስጥ «አት» ምልክት ካለ ደግሞ ሊንኩ መሃሉ ላይ ይሰበራል።

እኔ የምጠቀምበት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የራሴን ፋይል በራሴ ቪኤልሲ ስሞክር። ለደንበኛ አልሰጥም።

የዚህ የቅርብ ዘመድ የሆነው መንገድ ፓስወርድ ትቶ ፎልደሩን ማንም በማይገምተው ረጅም ስም መጥራት ነው። በሁሉም ማጫወቻ ይከፈታል። ብቸኛው ቁልፍ ስሙ ስለሆነ የፎልደሩ ዝርዝር እንዳይታይ መዝጋት አለባችሁ። «ጎግል እንዳያገኘው» ብላችሁ ስሙን ሮቦትስ የሚባለው ፋይል ውስጥ እንዳትጽፉት፤ ያ ፋይል ለማንም ክፍት ነው። በሩን ደብቆ አድራሻውን አደባባይ መለጠፍ ይሆናል።

የመግቢያ ገጽና በረኛ ስክሪፕት

እዚህ ሰው እንደማንኛውም ድረገጽ በስሙ ይገባል። ፋይሎቹ ከሕዝብ ፎልደሩ ውጭ ይቀመጣሉ። አንድ የፒኤችፒ ስክሪፕት «ይህ ሰው ከፍሏል?» ብሎ አይቶ ፋይሉን ያቀብለዋል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ለየሰው መዝጋት ይቻላል። ማን ምን እንዳየ ይታወቃል። ወር ሲያልቅ በራሱ ይዘጋል።

አሠራሩ ላይ ግን ብዙ ሰው ከድጡ ወደ ማጡ ይገባል። የማያቸው ስህተቶች ሁልጊዜ ሦስት ናቸው።

ስክሪፕቱ ፋይሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻ ያፈሳል፤ ከመሃል መቁረጥ አያውቅም። ተማሪው 40ኛው ደቂቃ ላይ ኔትወርክ ሲቋረጥበት ከዜሮ ይጀምራል። ዳታውንም ሁለቴ ይከፍላል።

ፋይሎቹ ሕዝብ በሚያየው ፎልደር ውስጥ ቀርተዋል። በረኛው በር ላይ ቆሟል፤ የግቢው አጥር ግን የለም። ቀጥተኛውን አድራሻ ያወቀ ሰው በጎን ይገባል።

ሦስተኛው ትንሽ ስውር ነው። ፒኤችፒ የአንድን ሰው ሴሽን ፋይል፣ ማለትም ሰውየው መግባቱ የሚመዘገብበትን፣ እየተጠቀመ ሳለ ይቆልፈዋል። ቪዲዮው እየፈሰሰ ሳለ ያ ተማሪ ሌላ ገጽ ቢነካ ገጹ እየዞረ ይቀራል። «ድረገጹ ሞቷል» ብሎ ይደውላል። ስክሪፕቱ ማንነቱን እንዳረጋገጠ፣ ፋይሉን መስጠት ከመጀመሩ በፊት፣ ሴሽኑን መዝጋት አለበት። የሠራላችሁን ልጅ ይህችን ጠይቁት፤ ፊቱን ስታዩት ታውቃላችሁ።

ጥሩው አሠራር ስክሪፕቱ ፈቃዱን ብቻ እንዲያይና ፋይሉን የማቀበሉን ሥራ ለሰርቨሩ እንዲመልስ ነው። አፓቺም፣ ሌላው የሰርቨር ሶፍትዌር ኤንጂንኤክስም ለዚህ የራሳቸው ዘዴ አላቸው። የጋራ ሆስቲንግ ላይ መኖሩን ግን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

አሁንም ቪኤልሲ ውስጥ ከሆነ ያው በሽታ ነው። የመግባቱ ምልክት ያለው ብራውዘሩ ጋ ነው፤ ቪኤልሲ ጋ የለም።

ሰዓት ያለው፣ የተፈረመ ሊንክ

እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። ተማሪው ይገባል። ድረገጹ ለዚያ ሰው፣ ለዚያ ፋይል፣ የሚያበቃበት ሰዓት ያለው ሊንክ ይሠራለታል። ሊንኩ መጨረሻ ላይ ሰዓቱና አንድ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር አለ። ያ ድርድር ፊርማ ነው፤ ከፋይሉ ስም፣ ከሰዓቱና ሰርቨሩ ብቻ ከሚያውቀው ምስጢራዊ ቃል ይሰላል። ሰው ሰዓቱን ለማራዘም አንድ ቁጥር ቢቀይር ፊርማው አይገጥምም፤ አይገባም።

ፈቃዱ ሊንኩ ላይ ስለሆነ ማንም ማጫወቻ ይዞት ይሄዳል። ለቪኤልሲ መስጠት ይቻላል። ኤም3ዩ ወረቀቷ ውስጥ መጻፍም ይቻላል። ፓስወርድ የሚጠይቅ የለም። ኤንጂንኤክስ ለዚህ «ሴኪዩር ሊንክ» የሚባል ክፍል አለው። አማዞን ኤስ3 በሚባለው የኪራይ ፋይል ማስቀመጫ ላይ ፋይል የሚያስቀምጥ ሰውም ይህንኑ ያገኛል፤ እዚያ ረጅሙ ዕድሜ 7 ቀን ነው።

አስቸጋሪው ሰዓቱን መወሰን ነው። ማጫወቻው ቪዲዮውን በአንድ ጊዜ አይወስድም፤ እየቆራረጠ ይጠይቃል። ለአንድ ሰዓት ትምህርት የአንድ ሰዓት ሊንክ ብትሰጡ፣ ልጁ ለምሳ ተነስቶ ሲመለስ ሊንኩ ሞቶ ያገኘዋል። እኔ ለአንድ ሰዓት ቪዲዮ 6 ሰዓት እሰጣለሁ።

አንዳንዱ ባለሙያ ሊንኩን ከሰውየው አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ስልኩ ኢንተርኔት ላይ ከሚታወቅበት ቁጥር፣ ጋር እንሰረው ይላል። እዚህ አገር አትስሙት። ከዋይፋይ ወደ ዳታ ሲቀየር አይፒው ይቀየራል። ኮምቦልቻ ጣቢያ ላይ የጀመረ ሰው ሐረጎ አጋማሽ ላይ ይቋረጥበታል።

ስለ ሰዓት ካነሳሁ የራሴን ጥፋት ልናገር። ለፒያሳው ቀራጭ ለአንድ ሠርግ ቤተሰብ የሚልከውን ሊንክ አዘጋጅቼለት «እስከ 9 ሰዓት ይሠራል» ብዬ ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ያየሁት 9 ሰዓት የማታውን፣ ማለትም የእኛን ምሽት 3 ሰዓት ነበር። ደሴ ያሉት ቀን 9 ሰዓት መስሏቸው ተቻኩለው አዩ። ጅዳ ያለችው እህት ደግሞ በእዚያው አገር ሰዓት ቆጥራ እስከ ማታ ጠበቀች፤ ከሥራ ስትመለስ ሦስት ደቂቃ አልፎታል። ደውላ «አንቱ፣ የወንድሜን ሠርግ ዘጋችሁብኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ «ዛሬ ምሽት በኢትዮጵያ 3 ሰዓት» ብዬ ነው የምጽፈው። አንድ ሰዓትም እጨምርበታለሁ።

ቪዲዮውን ቆራርጦ መላክ

ኤችኤልኤስ የሚባለው ነው፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው። አንዱ ቪዲዮ በጥቂት ሰከንድ ቁራጮች ይከፋፈላል። በ6 ሰከንድ ከተቆረጠ የአንድ ሰዓቱ 600 ፋይል ይሆናል። እያንዳንዱም በተለያየ ጥራት ይዘጋጃል። ኔትወርኩ ሲደክም ማጫወቻው በራሱ ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል። ለእኛ ኔትወርክ ከዚህ የተሻለ የለም።

ነገር ግን 600ውም ቁራጭ ፈቃድ ይፈልጋል። ዝርዝሩን ብቻ ቆልፎ ቁራጮቹን የተወ ሰው ምንም አልቆለፈም። አዘገጃጀቱ ባለሙያ ይጠይቃል፤ ቦታም ይበላል። 15 ቪዲዮ ላለው መምህር አልመክርም። ሁለት ሦስት መቶ ቪዲዮ ላለው ተቋም ግን ይገባዋል።

የሌላ ሰው ቤት፦ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብ፣ ድራይቭ

የቴሌግራም የግል ቻናል ብዙ ሰው ከሚያስበው የጠነከረ ነው። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ባይት ይይዛል። የመጋበዣ ሊንኩ የሚያበቃበት ቀንና የሰው ብዛት ይሰጠዋል። ማን እንደሚገባ አንድ በአንድ ማጽደቅ ይቻላል፤ ያልከፈለውን ማስወጣትም ይቻላል። ፋይል ማስቀመጥና ማስተላለፍ የሚከለክል አማራጭም አለው። ተማሪው አዲስ ነገር መማር የለበትም፤ ቀድሞውንም እዚያ ነው ያለው።

ዩቲዩብ ላይ «አንሊስትድ» የሚባለው ምንም ቁልፍ የለውም፤ ሊንኩ ያለው ሁሉ ያያል። «ፕራይቬት» በኢሜይል ይጋበዛል፤ ለጥቂት ሰው ነው። የሠርግ ቀራጮች በተለይ ልብ በሉ፦ ከቪዲዮው ጀርባ ያሉት ዘፈኖች ባለቤት አላቸው። ዩቲዩብ ለይቶ ያውቃቸዋል፤ ድምፁ ሊጠፋ ወይም ቪዲዮው ሊታገድ ይችላል። ሙሽሮቹ ያለ ድምፅ ሲጨፍሩ ማየት ደግሞ ያስቃል እንጂ አያስደስትም።

ጎግል ድራይቭ 15 ጊጋ በነጻ ይሰጣል፤ ከጂሜይላችሁ ጋር ተጋርቶ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲከፍተው ኮታ አልቋል ይላል።

የሌላ ሰው ቤት ግን የሌላ ሰው ነው። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ፌስቡክ በአገሪቱ ለአምስት ወር ያህል ሲታገዱ ሥራቸው እዚያ ብቻ የነበረ ሰዎች ቪፒኤን ፍለጋ ወጡ። የራሱ ድረገጽ የነበረው ሰው ሥራውን ቀጠለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ዳታው ራሱ ሲቋረጥ የሁሉም መንገድ አንድ ሆነ፤ ፍላሽና ሜሞሪ ካርድ። ስለዚህ የፋይሎቻችሁ ሙሉ ቅጂ እጃችሁ ላይ ይኑር።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| መንገድ | በቪኤልሲ ይከፈታል? | ሊንኩ ሲወጣ | ኔትወርክ ሲቆራረጥ | ወጪ | ዕውቀት |
|---|---|---|---|---|---|
| የተቆለፈ ፎልደር፣ ቀጥታ ሊንክ | እንደገና ይጠይቃል | ፓስወርድ ያስፈልገዋል፤ እሱም አብሮ ይወጣል | ጥሩ | የለም | ትንሽ |
| የተቆለፈ ፎልደር፣ ውስጡ ገጽ ያለው | በብራውዘር ብቻ | እንደ ላይኛው | ጥሩ | የለም | ትንሽ |
| ፓስወርድ ሊንኩ ውስጥ | አዎ | ሁሉም ነገር ወጣ | ጥሩ | የለም | ትንሽ |
| የመግቢያ ገጽና ስክሪፕት | በብራውዘር ብቻ | ብዙ ጉዳት የለውም | እንደ ሠሪው | መካከለኛ | ብዙ |
| ሰዓት ያለው የተፈረመ ሊንክ | አዎ | ሰዓቱ እስኪያልፍ ብቻ | ጥሩ፣ ሰዓቱ ካልጠበበ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ኤችኤልኤስ | ፈቃዱ ሊንኩ ላይ ከሆነ | እንደ አዘገጃጀቱ | ከሁሉ የተሻለ | ከፍተኛ | ብዙ |
| የቴሌግራም የግል ቻናል | በራሱ ውስጥ | ማጽደቅ ካለ አይጎዳም | ጥሩ | የለም | የለም |

ሠንጠረዡ ላይ የሌለ አንድ ነገር አለ። ስክሪን ሪከርድ የሚያደርግን ሰው የትኛውም ሙሉ በሙሉ አያቆምም። ስክሪኑን በሌላ ስልክ የሚቀርጽ ደግሞ አለ። ያንን እናቆማለን የሚላችሁ ሻጭ ካለ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ተነሱ።

ታዲያ ማን ምን ይያዝ?

የመንዙማው ሰውዬ ጋ ያሉት 40 ያህል የድምፅ ቅጂዎች ናቸው። የሚያዳምጡት የቤተሰብና የሰፈር ሰዎች ናቸው። ቢወጣም የሚከስር የለም፤ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። እሱ ፎልደሩን ቆልፎ አንድ ገጽ ሠራ፤ ድምፆቹን ገጹ ላይ ደረደረ። ለዘመድ ሁሉ አንድ ፓስወርድ ነው። ወጪው ዜሮ ነው። አዛውንቶቹ ፓስወርዱን አንዴ አስገብተው ብራውዘሩ እንዲያስቀምጠው ተደረገ፤ አበቃ።

የሠርግ ቀራጩ ሁለት ዓይነት ደንበኛ አለው። ፋይሉ ከ2 ጊጋ በታች ከሆነ በቴሌግራም ይልካል። በሙሉ ጥራት ለሚፈልጉት፣ በተለይ ውጭ ላሉ ዘመዶች፣ የ7 ቀን የተፈረመ ሊንክ ይሰጣል። አንድ ምክር ግን ለሁሉም ቀራጭ፦ ኤምፒ4ውን ስታወጡ ማውጫው (የትኛው ክፍል የት እንዳለ ለማጫወቻው የሚነግረው) የፋይሉ መጀመሪያ ላይ እንዲሆን አድርጉ። ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ውስጥ «ዌብ ኦፕቲማይዝድ» የምትለዋን መምረጥ ነው። ያለበለዚያ የፋይሉ ማውጫ መጨረሻው ላይ ይቀመጣል፤ ተመልካቹም ቪዲዮው እስኪጀምር ይጠብቃል። ስንቱ «ሰርቨሩ ደካማ ነው» ብሎ ሆስቲንግ ቀይሯል መሰላችሁ፤ ችግሩ ይህችው ሆና።

ገንዘብ ለሚከፈልበት ትምህርት፣ የተማሪው ብዛት ከ30 በታች ከሆነና የሚጠግን ሰው ከሌላችሁ፣ አብሽሩ፣ ቴሌግራም ይበቃችኋል። ማጽደቁን ብቻ አብሩት። ከዚያ በላይ ሲሆን መግቢያ ገጽና የተፈረመ ሊንክ አብራችሁ አሠሩ፤ አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ነው። ሆስቲንጉን ከተቻለ በብር ከሚያስከፍል የአገር ውስጥ ድርጅት ውሰዱ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በዶላር የሚመጣ ወርሃዊ ሒሳብ ምን እንደሚያደርግ አይታችኋል። ካርዱን ማግኘቱም ራሱ ጣጣ ነው።

ትልቅ ተቋም ከሆናችሁና በመቶ የሚቆጠር ቪዲዮ ካላችሁ ኤችኤልኤስ ይሁን። በጀቱ ውስጥ ግን የባለሙያ ደሞዝ ይግባ፤ ሶፍትዌሩ ብቻውን አይሮጥም።

የትኛውንም ብትመርጡ ሊንኩን ለሰው ከመላካችሁ በፊት በራሳችሁ ኮምፒውተር ብቻ አትሞክሩት። የሰው ስልክ ተዋሱ። ዋይፋዩን አጥፍታችሁ በዳታ ክፈቱት። ከቴሌግራም ውስጥ ነክታችሁ አንዴ፣ በቪኤልሲ አንዴ። ወደ መሃሉ ዝለሉ። ስልኩን አስተኝታችሁ ከ20 ደቂቃ በኋላ ቀጥሉት።

የኮምቦልቻውን መምህር በመግቢያ ገጽና በ6 ሰዓት ሊንክ አስተካከልንለት። ቪዲዮዎቹንም ወደ 400 ኪሎ ቢት አወረድናቸው። ለዚያችው ተማሪ አዲሱን አድራሻ ላከላት። ማታ መልሳ ጻፈችለት፦ «ቲቸር፣ ምዕራፍ 3 ተከፈተ። ምዕራፍ 4 ግን የለም።» አልጫነውም ነበር።